የአባቴ ልብ ውስጥ «ስቴንቱ ጠፋ» አሉን፤ እንዴት ነው የሚጠፋው?

የቀበና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባባ 71 ዓመታቸው ነው። እኛ ጋ ሜሪላንድ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። አዲስ አበባ እያሉ አርባ ዓመት ፊያት 682 ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ባለፈው ወር ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ጭምድድ ያደርጋቸው ጀመር። እሳቸው «ጋዝ ነው» ይላሉ፣ እናቴ ተልባ ትበጠብጣለች፣ እኔ ደግሞ ሥራ በዛብኝ እያልኩ አንድ ሳምንት አባከንኩ። በመጨረሻ ጎትተን ወሰድናቸው። አንጂዮግራም (ቀለም ተሰጥቶ የልብ ደም ስር የሚታይበት ራጅ) ተሠራ፤ የቀኙ የልብ ደም ስራቸው መሃሉ ላይ በጣም ጠቧል፣ ካልሲየምም አለበት፣ ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ይግባ ተባለ።

ለአንድ ሰዓት ብለው የገቡት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጡ። ሐኪሙ የደከመው ይመስላል። አባባ ነቅተው ስለነበር በስልክ አስተርጓሚ አገናኘን። ሴትዮዋ ያለውን ቃል በቃል ገለበጠችው፦ «የመጀመሪያው ስቴንት ጠፋ። በሌላ ስቴንት ግድግዳው ላይ ጨፈለቅነው። አሁን ደህና ነው።» በቃ። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ በግራ ጎናቸው አይተኙም። ብረቱ ወደ ልብ ይንከባለላል ይላሉ። ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው። ትናንት ምን አሉኝ መሰላችሁ፦ «እኔ አርባ ዓመት ስሠራ ሞተር ውስጥ የወደቀ ብሎን ሳላገኝ ክዳን ዘግቼ አላውቅም። እነዚህ እንዴት ጠፋ ብለው ይዘጉኛል?» መልስ አጣሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? ይንቀሳቀሳል? ጥፋት ነው ወይስ የሚያጋጥም ነገር? የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።


አቶ ፍርዱ፦

ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ፣ ጠበቃ ጥራ እንጂ! አሜሪካ ተቀምጠህ ብረት ሰው ልብ ውስጥ ጥለው ዝም? ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ነው ይኼ።


ሲስተር ነኝ፦

እግዜር ይማርልህ። አቶ ፍርዱ፣ ቀስ፣ ወደሱ እንመጣለን።

ዳላስ ነው ያለሁት፣ ካት ላብ (ስቴንት የሚገባበት ክፍል) ውስጥ 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የአባትህንም ፊልም አላየሁም። ግን ይቺ «ጠፋ» የምትል ቃል ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰች አውቃለሁ። እኛ ስቴንት ጠፋ የምንለው ከተጫነበት ባሉን (ትንሽ ፊኛ) ላይ ሲወልቅ ነው። እስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት እያየነው እንኳ «ጠፋ» ነው የምንለው፣ የሙያው አነጋገር ነው። አስተርጓሚዋ «ወለቀ» ብትል ኖሮ አባትህ ይኼን ሁሉ ሌሊት በአንድ ጎናቸው ባልተኙ ነበር።

ስቴንት እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ስስ የብረት ቱቦ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ በታጠፈ ባሉን ላይ ጭምቅ ተደርጎ ነው። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ በካቴተሩ ውስጥ 0.36 ሚሊ ሜትር የሆነች ሽቦ የጠበበውን ቦታ አልፋ ትቀመጣለች፣ ባሉኑና ስቴንቱ በሷ ላይ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። ቦታው ሲደርስ ባሉኑ ይነፋል፣ ስቴንቱ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ባሉኑ ይሟሽሽና ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ በል፣ ስቴንቱ ከባሉኑ ጋር የተያያዘው በመጨመቁ ብቻ ነው። ሙጫ የለ፣ ብሎን የለ።

እንግዲህ መንገዱ ጠመዝማዛ ሲሆን ወይም ግድግዳው በካልሲየም ድንጋይ ሲሆን ስቴንቱ መሃል ላይ ይቀረቀራል። ቢገፉት አልሄድ ይላል። ሐኪሙ እሺ ልመልሰው ብሎ ሲስብ የስቴንቱ ጠርዝ ካልሲየሙ ላይ ወይም የካቴተሩ አፍ ላይ ይነክሳል፣ ባሉኑ ባዶውን ይመጣል። እኔ የገባሁባቸው ሁለቱ እንደዚያ ሲመለሱ ነው የወለቁት።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር፣ አንድ ሰው ሳይነገረው ሄዶ አጠፋው። ሐኪሟ ድምፅዋን ሳትጨምር «ሽቦዋን ማንም እንዳይነካ» አለች። ለምን መሰለህ፣ ስቴንቱ ባሉኑን ቢለቅም ሽቦዋ አሁንም በመሃሉ አልፋለች። ክር ላይ እንዳለ ጨሌ አስበው። ክሩ እስካልተመዘዘ ድረስ ጨሌው የትም አይሄድም። ደንግጦ ሽቦውን የጎተተ ሰው ነው ጨሌውን የሚበትነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ብዙ አይደለም። አንዱ፣ በስቴንቱ ውስጥ ትንሽ ባሉን አሳልፎ፣ ከማዶ ነፍቶ፣ እንደ ጋሪ እየጎተቱ ማውጣት። በሸምቀቆ ማነቅም አለ። ቦታው የማይጎዳ ከሆነ እዚያው ባለበት ነፍቶ መክፈት ይቻላል። ይኼ ሁሉ ካልሆነ፣ የአባትህ ሐኪም እንዳደረገው፣ ሌላ ስቴንት በጎኑ አስገብቶ የወለቀውን ከግድግዳው ጋር መጨፍለቅ ነው። የተጨፈለቀው በአዲሱ ስቴንት ተይዟል፣ በወራት ውስጥ ደግሞ የደም ስሩ የውስጥ ሽፋን እያደገ ይሸፍነዋል። አይንከባለልም። በግራም በቀኝም ይተኙ!

ለአባትህ እንዲህ በላቸው፦ «ብሎኑ ተገኝቷል። ማውጣቱ ሞተሩን ስለሚጎዳ እዚያው ተበየደ።»

አቶ ፍርዱ፣ ስቴንት መውለቅ ታካሚው ሲፈርም ወረቀቱ ላይ ከሚዘረዘሩት ችግሮች ውስጥ ነው፣ ጥሩ እጅ ላይም ይደርሳል። ጥፋት አለ የለም የሚባለው ከወለቀ በኋላ ምን ተደረገ፣ ከመግባቱ በፊትስ ምን ተዘጋጀ በሚለው ነው። የቀበና ልጅ፣ የሂደቱን ሪፖርት ጠይቅ። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠውን ማጠቃለያ ማለቴ አይደለም፣ ካት ላብ ውስጥ የተጻፈውን ነው። ማይቻርት (ታካሚው መዝገቡን በኢንተርኔት የሚያይበት) ካላቸው እዚያው ሊኖር ይችላል። ፊልሙንም በሲዲ ጠይቅ፣ መብታችሁ ነው።


ሚሊሜትር፦

ሲስተር ጨርሳዋለች፣ እኔ ከብረቱ በኩል ልጨምር። የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነኝ፣ ሚኒሶታ።

አባትህ ይኼ ድሮ ስንት ጊዜ ይደርስ እንደነበር ቢሰሙ ይገርማቸዋል። ሰው ልብ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች የገቡት 1986 ነው፣ ቱሉዝ ዣክ ፒዌል፣ ሎዛን ኡልሪክ ሲግዋርት (ፈረንጆቹ ዘመን ነው)። አሜሪካ ውስጥ ፓልማዝ ሻትዝ የተባለው 1994 ተፈቀደ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ስቴንቱን በጣታቸው ባሉን ላይ እየጨመቁ ያስገቡ ነበር። በጣት! አንዱ ጠበቅ ያደርጋል፣ አንዱ ላላ ያደርጋል። መውለቁ ያኔ የተለመደ ነበር። ፋብሪካ መጭመቅ ከጀመረ በኋላ ነው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ የሆነው። ስለዚህ ዛሬ ሲወልቅ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው።

ግን መውለቅ ብቻ አይደለም። ስቴንት ስትሠራ የምትፈልጋቸው ነገሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ቀጭን ብረት ስታደርገው ይለዘባል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይታዘዛል፣ ቶሎም ይሸፈናል። በሌላ በኩል ጥንካሬው ይቀንሳል። ሳይፈር የሚባለው፣ 2003 አሜሪካ የገባው መድኃኒት የተቀባ ስቴንት፣ የብረቱ ዘንግ 140 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነበር። በኋላ የመጣው ዛይንስ 81 አካባቢ ሆነ። ኦርሲሮ የሚባለው ደግሞ ትንንሾቹ መጠኖች ላይ 60 ደረሰ። የሰው ጸጉር አንድ ዘለላ ማለት ነው።

በ2011 ገደማ ምን ሆነ መሰላችሁ። ፕሮመስ ኤለመንት የሚባለው ስቴንት በርዝመቱ እንደ አኮርዲዮን መሰብሰቡ ይነገር ጀመር። ቀለበቶቹን የሚያያይዙት ድልድዮች ሁለት ሁለት ብቻ ነበሩ። ለመለዘቡ ጥሩ፣ ግን ከተከፈተ በኋላ የካቴተሩ ጫፍ ሲገፋው ወይም ሁለተኛ ባሉን ሲገባ ጠርዙን ሲመታው ይጨማደዳል። ዋናው የግራ ደም ስር አፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ካቴተሩ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ባሰ። መፍትሔው ቀላል ነበር፣ በሚቀጥለው ሞዴል ፕሮመስ ፕሪሚየር ላይ የመግቢያው ጫፍ ድልድዮች ተጨመሩ። ሁሉም ስቴንት ክፉኛ ቢገፉት ይጨማደዳል፣ የሚለያየው በስንት ጉልበት የሚለው ነው። ለእኔ የሚገርመኝ ግን ስቴንት ዙሪያውን ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ሁሉም ሲለካ ኖሮ በርዝመቱ ቢገፋስ የሚለው ነገር መነጋገሪያ የሆነው ታካሚዎች ላይ ከታየ በኋላ መሆኑ ነው። መሐንዲሶችም አርፈን አናውቅም፣ ግን ዘግይተን ነው።


የጉለሌዋ፦

ልጆች፣ ስሙኝማ። እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ የእኔ ደግሞ ተሰብሯል።

ውጭ አገር ሄጄ ነበር ያስገባሁት፣ ቤት የሸጥን ያህል ገንዘብ አውጥተን። ረጅም ሁለት ስቴንት፣ ጫፍና ጫፋቸው ተደራርቦ፣ በቀኙ በኩል። ደህና ሆኜ ተመለስኩ። በሁለተኛው ዓመት ያው የድሮው ሕመም መጣ፣ ገበያ ስሄድ፣ ዘንቢል ስይዝ። እዚህ አዲስ አበባ ሲያዩት ሁለቱ የሚደራረቡበት አጠገብ ተሰብሯል፣ እዚያው ላይ ደም ስሩ ጠብቧል። ልጄ ስዕሉን በስልኩ አሳየኝ፣ ልክ እንደተበጠሰ ሐብል መሃሉ ክፍት ነው።

ሐኪሙ የቀኙ ደም ስር ልብ በመታ ቁጥር እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል አለኝ። አስቡት፣ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ። ሽቦ እንኳ እንዲያ ቢያጥፉት ይበጠሳል።

የተናደድኩት ግን በመሰበሩ አይደለም። ያኔ ያስገቡልኝ ሰዎች ካርድ አልሰጡኝም። የምን ስቴንት ነው፣ ስንት ነው፣ መቼ ነው ሲባል እኔ ምን ልበል? ልጄ ኢሜይል ጻፈ፣ ደወለ፣ የሚመልስ የለም። ሐኪሞቹ በግምት ነው የሠሩኝ። ስለዚህ ካርዱን ተቀበሉ። ሌላውን ሁሉ እርሱት፣ ካርዱን አትርሱ።


ሚሊሜትር፦

እናቴ፣ ስለነገሩን እግዜር ይስጥልኝ። የነገሩዎት ሐኪም ልክ ነው። ረጅም ስቴንት፣ የተደራረበ፣ የቀኙ ደም ስር፣ የሚታጠፍበት ቦታ። ለመሰበር የሚያመቹት በሙሉ እርስዎ ላይ ተሰብስበዋል። ሲደራረብ እዚያ ቦታ ይጠነክራል፣ ጥንካሬው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው መታጠፉ የሚበረታው። ቅድም ያነሳሁት ሳይፈር በዚህም ይታወቅ ነበር፣ ቀለበቶቹ እርስ በርስ የተያያዙና ግትር ስለነበሩ። 2011 ፋብሪካው ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፣ ያ ግን በገበያው ምክንያት ነው፣ በስብራቱ አይደለም።


ገና ሬዚደንት፦

ከአዲስ አበባ፣ የልብ ሕክምና እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ ይኼን ቢያይ «ስለሚታየው ችግር ብቻ ነው የምታወሩት» ይል ነበር።

የወለቀ ስቴንት ይታያል። የተቀደደ ደም ስርም ይታያል፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሲፈስ ዓይንህ እያየ ነው፣ ደሙ በልብ ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ልቡን ሊያፍን ይችላል። ያኔ ባሉን ነፍቶ መዝጋት፣ ጨርቅ መሰል ሽፋን ያለው ስቴንት ማስገባት፣ ከረጢቱን በመርፌ ማንጣፈፍ። ክፍሉ በሙሉ ይሯሯጣል፣ ግን ቢያንስ ሁሉም ችግር እንዳለ ያውቃል።

ተንኮለኛው በደንብ ያልተከፈተ ስቴንት ነው። ማንም አይጮህም። ታካሚው ፈገግ ብሎ ይወጣል፣ ቤተሰብ አበባ ይዞ ይመጣል። ከወራት በኋላ ነው ስቴንቱ ውስጥ ደም የሚረጋው ወይም ተመልሶ የሚጠበው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ካልሲየም ነው። ስቴንቱ 3 ሚሊ ሜትር ይከፈታል ተብሎ ካልሲየሙ ቀለበት ሠርቶ ስለያዘው 2 ላይ ይቆማል። አንጂዮግራም ጥላ ነው የሚያሳይህ፣ በጥላ ብቻ አትፈርድም። በደም ስሩ ውስጥ የምትገባ ትንሽ አልትራሳውንድ አለች፣ በብርሃን የሚያይ ካሜራም አለ። እነሱ ናቸው እውነቱን የሚናገሩት።

ካልሲየሙን መጀመሪያ መስበር ነው ዋናው። ጫፉ ላይ የአልማዝ ቅንጣት ያለበት፣ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር መሞረጃ አለ። በጣም ጠንካራ ባሉንም አለ። የኩላሊት ጠጠር በሞገድ እንደሚሰበረው የሚሠራ ባሉንም መጥቷል፣ አሜሪካ ለልብ ደም ስር የተፈቀደው በ2021 ነው። ችግሩ ይኼ ሁሉ ውድ መሆኑ ነው። እኛ ጋ በሽተኛው የሚከፍለውን እያሰብክ ነው የምትሠራው፣ አንዳንዴ መሣሪያው አለ ብሩ የለም፣ አንዳንዴ ብሩ አለ መሣሪያው የለም።

የቀበና ልጅ፣ ሪፖርቱ ሲደርስህ ሁለት ነገር ፈልግ። ከስቴንቱ በፊት ካልሲየሙን ለመስበር ምን ተሞከረ? መጨረሻ ላይስ በውስጥ አልትራሳውንድ ታይቷል ወይ? የወለቀው ስቴንት ራሱ «መንገዱ አልተጠረገም» ብሎ የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ይሆናል አላልኩም፣ ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።


ባህል ይበልጣል፦

ሽፈራው በማር እየበጠበጡ ጠዋት ጠዋት ይጠጡ፣ ካልሲየሙን ያሟሟዋል። የአጎቴን አሟሙቶታል። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይተው፣ ኬሚካል ነው።


ሲስተር ነኝ፦

ወንድሜ፣ ሽፈራውህን ጠጣ፣ ማንም አልከለከለህም። «መድኃኒቱን ይተው» የምትለዋን ግን እዚህ አትጻፍ። እባክህ።

የቀበና ልጅ፣ ይኼን ለብቻው አንብበው። አባትህ ልብ ውስጥ አሁን ከተለመደው በላይ ብረት አለ፣ ከአዲሱ ሥር የተጨፈለቀው አለ። ሽፋኑ እስኪያድግ ድረስ ደም እንዳይረጋበት የሚጠብቃቸው አስፕሪንና ሁለተኛው ክኒን ነው፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ሌላ። ስንት ወር እንደሆነ ሐኪማቸው ነው የሚወስነው፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው። ጥርስ ሊነቀሉ ነው፣ ሌላ ኦፕሬሽን አለ ቢባል እንኳ የልብ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይቋረጥም።

ጾም የሚጾሙ ከሆነም አሁኑኑ ተነጋገሩ። እኔ ጋ አንድ አባት በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ብለው፣ ክኒኑንም አንዳንድ ቀን እየዘለሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት በአምቡላንስ መጥተዋል። ንስሐ አባታቸውን ያናግሩ፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን አትጨክንም። ጠበልም ይሂዱ፣ ክኒኗን ኪሳቸው ይዘው።


የቀበና ልጅ፦

ይቅርታ፣ ሁለት ሳምንት ጠፋሁ (እኔም እንደ ስቴንቱ)። ሪፖርቱ መጣ። ሦስት ገጽ ነው፣ ከሬዚደንቱ ጋር በውስጥ መስመር ቃል በቃል አነበብነው፣ ዕድሜ ይስጥህ።

የመጀመሪያው ስቴንት 3.0 ሚሊ ሜትር ስፋት በ28 ርዝመት ነበር። ከሱ በፊት አንድ ተራ ባሉን ብቻ ነው የተነፋው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብሎ ራሱ ሐኪሙ ጽፎታል። ስቴንቱ አልፎ መሄድ አቃተው፣ ሲመለስ ወለቀ። 1.5 ባሉን በውስጡ ሊያሳልፉ ሞከሩ፣ አላለፈም። ከዚያ ሁለተኛ ሽቦ በጎኑ አስገቡ፣ ጎን ለጎን ባሉን ነፍተው ጨፈለቁት። ያ በሞገድ የሚሰብረው ባሉን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ 3.5 በ33 ስቴንት ገባ፣ በጠንካራ ባሉን በ20 አትሞስፌር ተነፋ፣ በውስጥ አልትራሳውንድ ታይቶ «በደንብ ተከፍቷል» ተብሏል።

ማለት የሚሰብረው ባሉን እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ይኼ ትንሽ አንጀቴን አቃጠለኝ፣ አልዋሻችሁም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ተከላካይ ይሆናል ብዬ ነበር። ዝም አለና «አንጂዮግራሙ ላይ ካልሲየሙ ይኼን ያህል አይመስልም ነበር፣ ዛሬ ቢሆን ከመጀመሪያው በአልትራሳውንድ አየው ነበር» አለኝ። ጠበቃ አልጠራሁም፣ አልጠራምም። አቶ ፍርዱ ይቀየሙኝ።

ግን ወደ አባባ ልምጣ። ሲዲውን ኮምፒውተር ላይ ከፈትንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንበሩን አስጠግተው፣ ልክ ድሮ ሞተር ላይ እንደሚያጎነብሱት። ያቺ የወለቀችው ስቴንት ሽቦዋ ላይ ስትወዛወዝ ትታያለች፣ ጫፍና ጫፏ ላይ የሚታዩት የባሉኑ ሁለት ጥቁር ነጥቦች የሉም፣ ባዶዋን ናት። ስድስቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ስትጨፈለቅ አዩ። 20 አትሞስፌር ስንት ነው አሉኝ፣ የመኪና ጎማ ሁለት ከምናምን ነው ስላቸው «ኧረ ባክህ!» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አየር ነው የሚነፉት ብለው ተከራከሩኝ፣ አይደለም፣ ቀለም የተቀላቀለ ፈሳሽ ነው፣ ቢፈነዳ አየር ልብ እንዳይገባ ስላቸው ደስ አላቸው። «አዋቂዎች ናቸው» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ግን የዛገ ብሎን ዘይት ሳያጠጡ ቁልፍ አይጨክኑበትም» አሉ። ሬዚደንቱ የጻፈውን አላነበብኩላቸውም ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ካርዱንም ተቀብለናል፣ ሁለቱም ስቴንት ተጽፎበታል። የጉለሌዋ እናታችን፣ በእርስዎ ምክር ነው፤ መጀመሪያ የሰጡን የሁለተኛውን ብቻ ነበር፣ አስጨምረናል። አባባ ከድሮ መንጃ ፈቃዳቸው ጀርባ አድርገው ይዘውታል። በግራ ጎናቸው መተኛት ጀምረዋል።

አሁን ሌላ ጥያቄ ነው የያዙኝ፣ ሲስተር አንቺ ታውቂ ይሆናል። የወለቀችዋን ስቴንት ዋጋ ማነው የሚከፍለው? «እኔ ጋራዥ የጣልኩትን ዕቃ ለባለመኪናው አስከፍዬ አላውቅም» ይላሉ።


ሲስተር ነኝ፦

ሃሃ! የሆስፒታሉ ቢል መጣ እንዴ?


የቀበና ልጅ፦

ገና ነው። ከአሁኑ ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስቴ እየከፈቱ ነው።